የማይመሽ አገር

ጃብሪያ ላይ ግንቦት ሲያልቅ የበር እጀታ ይፋጃል፣
በጨርቅ ይዘን እንከፍታለን፤ የቧንቧው ውሃ ይጠብሳል።
ውስጥ ግን ብርድ ነው፤ ኤሲው ሌት ተቀን ያጓራል፣
ምንጣፉ ላይ የኖርዌይ ካርታ ተዘርግቷል፣
አራት ጥጉን የያዘለት አራት የሻይ ብርጭቆ፤
ማዳም ጣቷን ትነዳለች
ተራራው ለባሕሩ በር በከፈተበት፣ ተሰንጥቆ።

«ጁን ሃያ ሁለት» አለች፤ እኔ በሆዴ መነዘርኩ፤
ሰኔ አሥራ አምስት፣ ዕለቱም ሰኞ። ሳቄን በሻርፔ ሸሸግኩ።
ሰኔና ሰኞ ገጥመው ለማን በጅተው ያውቃሉ?
እነሱ ምን ቸገራቸው፤ ትኬት ይቆርጣሉ፣
የዝናብ ካፖርት ያዛሉ፣ ባዶ ሻንጣ ይመዝናሉ።

በዳር፣ የስድስት ዓመቱ፣ አልጋዬ ጫፍ ላይ ወጥቶ፣
«እዚያ ፀሐይ አትገባም» አለኝ፣ ዓይኑ በርቶ።
«እኩለ ሌሊትም?» «አዎ!» «ሰማይ ላይ?» «ሰማይ ላይ፣ ቁልጭ ብላ!»
ማለልኝ፤ ወዲያው እንቅልፍ ጣለው፣ የያዛትን ብስኩት ሳይበላ።

እኔ ግን አልተኛሁም።
የእኛ ሰዓት የሚነሳው ከመሸና ከነጋ ነው፣
ጀንበር ጠልቃ፣ ጀንበር ወጥታ፣ አንድ ብለን የምንቆጥረው፤
ታዲያ ጀንበር ከማትጠልቅበት አንድ ከየት ይጀመር?
በየትኛው ጥላ ይለካ? በየትኛው ዶሮ ይቆጠር?
ይኼስ ይሁን። የእኔ ጭንቅ ከዚህም ያነሰ ነው፦
ሳህኑን አጥቤ፣ ልጁን አስተኝቼ፣ ሐጃን አገላብጬ፣
«መሽቷል፣ በቃ ተኚ» የምባለው
በስንት ሰዓት ነው?

ለቪዛው ሲባል ፓስፖርቴ ከካዝና ወጣ፣ በአራት ዓመቱ፤
ፎቶዋ ጉንጯ ሙሉ ነው፤ ሰሚራ ትባላለች በወረቀቱ፣
ደላላው የሰጠኝ ስም፣ ስድስት ዓመት ዕድሜ መርቆ።
እታገኝን የሚያውቃት መርሳ ነው፣ ከዚህ ርቆ።

ቢሮው ውስጥ አሥር ጣቴን መስታወት ላይ አስጫኑኝ፤
ማሽኑ «ድገሚ» አለ፤ ደገምኩ፤ ፈለገ፤ አላገኘኝ።
በረኪናው ልጦታል፤ የጣቴ ጫፍ እንደ እንቁላል ልሙጥ ነው።
«ሳምንት ቅባት ቀቢ፤ ሥራ እረፊና ነይ»
አለችኝ ልጅቷ፣ ያዘነች መስሏት። ሥራ ይታረፋል ወይ?

ሐጃ ሙዲ ሰማች። በየማታው እግሯን የምቀባበትን
ቫዝሊን ከእጄ ነጠቀችና፣
መነጽሯን ወደ ታች ሳብ አድርጋ
አሥሩንም፣ አንድ ባንድ፣ እንደ ሕፃን ጣት አሸችና፣
«አሁን ታገኝሻለች» አለች፣ ማሽኗን ማለቷ ነው።
ሰባት ማታ እንዲህ አደረገች።
በስምንተኛው ለልጇ ነገረቻት፦ «እኔ አልሄድም።
አባቴ ዕንቁ ጠላቂ ነበር፤ ባሕር በቅቶኛል።
መግሪብ የሌለበት አገር ሄጄ በስተርጅና አልደናበርም።»

ማንም ማንንም አላየም። ሐጃ ከቀረች ማን እንደሚቀር
ምንጣፉም ያውቃል።
ማዳም እስክሪብቶ አነሳች፤ ከዝርዝሩ የመጨረሻው መስመር
ሰሚራ ተሰረዘች።
እታገኝ አልነበረችበትም፤ ብርጭቆዎቹን ሰበሰበች፤
ካርታው ያዥ ሲያጣ ራሱን በራሱ ጠቀለለ።

በዳር ብቻ አኮረፈ። «እኩለ ሌሊት እደውላለሁ፣
ፀሐይዋን አሳይሻለሁ!»
«ደውል» አልኩት፤ መቼስ ነቅቼ እገኛለሁ።

አሁን ወደ መስኮቱ ተጠግቼ ጣቴን አዙሬ አያለሁ፤
ቀጫጭን ትልም አውጥቷል፣ ገና ትናንት እንደታረሰ፤
ሰኔ አይደል? እኛ ዘንድ ይኼኔ በሬው ተጠምዷል፣ መሬቱ የራሰ።
ሐጃ ውዱ ታደርጋለች። ሙአዚኑ ጉሮሮውን ይጠርጋል።
ጀንበሯ ከጎረቤት የውሃ ጋን ጀርባ ሸርተት አለች።
አንድ ሰዓት ሆነ፣
በእኛ።